ከመከላከያ ልባስ በፊት የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን መከለል

የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ክለላ፣ በባለሙያዎች አጠራር ማስኪንግ፣ በኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ መከላከያ ልባስ ከመቀባቱ በፊት ልባሱ ሊነካቸው የማይገባቸውን ቦታዎች በፕላስተር፣ በጎማ ቆብ ወይም በሚላጥ ፈሳሽ ለጊዜው የመሸፈን ሥራ ነው። ልባሱ ተቀብቶ በተወሰነ ደረጃ ከደረቀ በኋላ መከለያው ይነሳል፤ ከሥሩ ያለው ብረት ወይም ቀዳዳም እንደነበረው ንጹሕ ሆኖ ይገኛል።

መከላከያ ልባስ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ስስ ሽፋን ነው። ቦርዱን ከእርጥበት፣ ከአቧራ፣ ከጨውና ከኬሚካል የሚጠብቀው በዚሁ ባሕርዩ ነው። ይሁንና ይኸው ሽፋን በሶኬት ውስጥ ባለ የብረት እግር ላይ ቢያርፍ ኤሌክትሪክ ማለፍ የሚገባውን መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ቦርድን የማልበስ ሥራ ሁለት ጥያቄዎች አሉት፦ አንዱ ምን ይለበስ የሚለው ሲሆን ሌላው ምን አይለበስ የሚለው ነው። ክለላ የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ነው።

ስያሜና ትርጉም

መከላከያ ልባስ በዓለም አቀፍ ስያሜው ኮንፎርማል ኮቲንግ ይባላል። ስያሜው የተሰጠው ልባሱ የቦርዱንና የክፍሎቹን ቅርጽ ተከትሎ እንደ ቆዳ ስለሚያርፍ ነው። ከዚህ የተለየው ፖቲንግ የሚባለው ዘዴ ግን መሣሪያውን በሙሉ በወፍራም ሙጫ ውስጥ ይቀብረዋል። የተለመደው የመከላከያ ልባስ ውፍረት ከአንድ የወረቀት ቅጠል ውፍረት ጋር ይቀራረባል።

የክለላ ሐሳብ ከኤሌክትሮኒክስ ውጭም የታወቀ ነው። በአዲስ አበባ ጋራዦች የመኪና አካል ቀለም የሚቀባ ባለሙያ መስታወቱን፣ የመብራቱን ፊትና የበሩን ጎማ በጋዜጣና በወረቀት ፕላስተር ሸፍኖ ነው ቀለም የሚረጨው። በቦርድ ላይ የሚደረገው ክለላም በመሠረቱ ያው ነው። ልዩነቱ በመጠኑና በውጤቱ ላይ ነው። በመኪና መስታወት ላይ ያረፈ የቀለም ጠብታ በምላጭ ይፋቃል፤ ግማሽ ሚሊሜትር በሆነ የኮኔክተር እግር ላይ ያረፈ ጠብታ ግን ላይታይ ይችላል፤ የሚታወቀውም መሣሪያው ሥራ ላይ ውሎ መቆራረጥ ሲጀምር ነው።

ልባስ የሚያስፈልግበት ምክንያት

በቦርድ ላይ ያሉ የመዳብ መስመሮች እጅግ ተቀራርበው የተሠሩ ናቸው። በመካከላቸው እርጥበት ሲያርፍና በእርጥበቱ ውስጥ ጨው ወይም የሶልደር ፍለክስ ቅሪት ሲኖር፣ የኤሌክትሪክ ግፊቱ የብረት አተሞችን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ያጓጉዛል። አተሞቹ እየተጠራቀሙ የዛፍ ቅርንጫፍ የሚመስሉ ስስ የብረት ክሮች ይሠራሉ። እነዚህም ዴንድራይት ይባላሉ። ክሩ ሁለቱን መስመሮች ሲያገናኝ አጭር ዙር ወይም ሾርት ይፈጠራል። ከዚህ ሌላ እርጥበት ብረትን ያዝጋል፤ አቧራ ደግሞ እርጥበትን ይዞ ያቆያል።

ልባሱ በብረቱና በእርጥበቱ መካከል በመግባት ይህን ሂደት ይገታል። ሆኖም ፍጹም ውኃ የማያስገባ አይደለም። አብዛኞቹ የልባስ ዓይነቶች የውኃ ትነትን ቀስ በቀስ ያሳልፋሉ። ልባሱ የሚሠራው ከቦርዱ ጋር በደንብ ተጣብቆ ከሥሩ ውኃ የሚጠራቀምበት ክፍተት ባለመተዉ ነው። በቆሸሸ ቦርድ ላይ የተቀባ ልባስ ቆሻሻውን ከሥሩ አምቆ ስለሚይዝ የሚያደርሰው ጉዳት ከጥቅሙ ሊበልጥ ይችላል።

የማይለበሱ ክፍሎች

በአንድ ቦርድ ላይ የሚከለሉ ቦታዎች በአምስት ምድብ ሊታዩ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ምድብ ኤሌክትሪክ በመነካካት የሚያልፍባቸው ቦታዎች ናቸው። ኮኔክተሮች፣ የባትሪ መገናኛዎች፣ የሲም ካርድና የማስታወሻ ካርድ ማስገቢያዎች፣ የፊዩዝ መያዣዎች፣ በወርቅ የተለበጡ የቦርድ ጠርዞች፣ የአይሲ ሶኬቶችና የመፈተሻ ነጥቦች በዚህ ውስጥ ይካተታሉ።

ሁለተኛው ምድብ የሚንቀሳቀሱ ክፍሎች ናቸው። ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ ፖቴንሽዮሜትሮች፣ ሊስተካከሉ የሚችሉ ካፓሲተሮችና ያልታሸጉ ሪሌዮች ልባስ ከገባባቸው ይጣበቃሉ ወይም መነካካታቸው ይበላሻል።

ሦስተኛው ምድብ ከአካባቢው አየር፣ ብርሃን ወይም ድምፅ ጋር መገናኘት ያለባቸው ክፍሎች ናቸው። የእርጥበት መለኪያ ሴንሰር በልባስ ከተሸፈነ የሚለካው አየር አይደርሰውም። የአየር ግፊት ሴንሰርና ማይክሮፎን ትንሿ ቀዳዳቸው ከተደፈነች ከጥቅም ውጭ ይሆናሉ። የካሜራ ሌንስ፣ ብርሃን ተቀባይ ሴንሰርና አንዳንድ ኤልኢዲ መብራቶችም በልባሱ ምክንያት ብርሃናቸው ሊዛባ ይችላል።

አራተኛው ምድብ ከብረት ጋር በቀጥታ መገጣጠም የሚገባቸው ቦታዎች ናቸው። ቦርዱ በብሎን ከመሣሪያው አካል ጋር የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች ብዙ ጊዜ የመሬት መስመር ማገናኛም ናቸው። ቀዳዳው ዙሪያ ልባስ ካለ ብሎኑ ቢጠብቅም የመሬት መስመሩ ላይገናኝ ይችላል፤ ይህም ለተጠቃሚው ደኅንነት የሚያሰጋ ጉድለት ነው። የሙቀት ማስወገጃ ብረት የሚያርፍባቸው ቦታዎችም በዚሁ ምድብ ይገባሉ፤ ልባስ ሙቀትን በደንብ ስለማያስተላልፍ በመካከል ከገባ ክፍሉ ከሚገባው በላይ ይግላል።

አምስተኛው ምድብ ልባሱ ራሱ ባሕርያቸውን የሚለውጥባቸው ክፍሎች ናቸው። በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚሠሩ የሬዲዮ መስመሮችና አንቴናዎች በላያቸው ባለው ሽፋን ምክንያት መቃኛቸው ሊዛነፍ ይችላል። እንደ ሰሌዳ ኳስ በሥራቸው በብዙ የሶልደር እንክብሎች የተገጠሙ ትልልቅ አይሲዎች ደግሞ ወፍራም ልባስ ከሥራቸው ገብቶ ከደረቀ በሙቀትና በቅዝቃዜ ሲሰፋና ሲጠብ ሶልደሩን ሊያላቅቅ ይችላል።

የትኛው ቦታ እንደሚለበስና እንደሚከለል የሚወስነው ቦርዱን የነደፈው መሐንዲስ ነው። ውሳኔው በሥዕል ላይ በሦስት ዓይነት ምልክት ቢሰፍር ይመረጣል፦ የግድ የሚለበስ፣ የግድ የማይለበስ፣ ቢለበስም ባይለበስም የማያስቸግር። ሦስተኛው ምድብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ይሁንና የሥራውን ጊዜ በእጅጉ የሚያሳጥረው እሱ ነው፤ ምክንያቱም ሠራተኛው በሚለበሰውና በማይለበሰው መካከል የሚተነፍስበት ጠርዝ ያገኛል።

የልባስ ዓይነቶችና በክለላ ላይ ያላቸው ተጽዕኖ

መከላከያ ልባሶች በኬሚካላዊ ሥሪታቸው በአምስት ዋና ዋና ዓይነቶች ይከፈላሉ፤ እነርሱም አክሪሊክ፣ ኢፖክሲ፣ ዩሬቴን፣ ሲሊኮንና ፓሪሊን ናቸው። በኢንዱስትሪው ተቀባይነት ባለው የአይፒሲ ደረጃ መሠረት የአክሪሊክ፣ የኢፖክሲና የዩሬቴን የደረቀ ውፍረት ከ0.03 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ነው፤ የሲሊኮን ከ0.05 እስከ 0.21 ሚሊሜትር፣ የፓሪሊን ደግሞ ከ0.01 እስከ 0.05 ሚሊሜትር ነው።

አክሪሊክ በፍጥነት ይደርቃል፤ በማሟሚያም በቀላሉ ይነሳል፤ ስለዚህ የክለላ ስሕተት ቢፈጠር ማረም አያስቸግርም። ዩሬቴን ኬሚካልን አጥብቆ ይቋቋማል፤ በዚያው ልክ ግን ያለቦታው ያረፈውን ማንሳት ከባድ ነው። ኢፖክሲ ከሁሉም ይበልጥ ይጠነክራል፤ ከደረቀ በኋላ ማንሳት ብዙ ጊዜ ቦርዱን ራሱን መጉዳት ማለት ነው። ሲሊኮን ከፍተኛ ሙቀትን ይችላል፤ ለስላሳም ስለሆነ መከለያው ሲነሳ ጠርዙ ሊቀደድ ይችላል።

ፓሪሊን ከሌሎቹ በአቀባቡ ይለያል። ፈሳሽ ሳይሆን ጋዝ ሆኖ ነው የሚያርፈው። ይህን የፕላስቲክ ዓይነት ማይክል ሽዋርክ በ1947 እ.ኤ.አ. በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ አገኘ፤ ኋላም በዩኒየን ካርባይድ ኩባንያ ዊልያም ጎርሃም የአመራረቱን ዘዴ አሻሻለ፤ ኩባንያውም በ1965 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረበው። ጥሬ ዕቃው በ150 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይተናል፤ በ680 ዲግሪ ገደማ ይሰነጠቃል፤ ከዚያም አየሩ በተመጠጠ ክፍል ውስጥ በተራ የክፍል ሙቀት በሁሉም ገጽታ ላይ ያርፋል። ጋዝ በመሆኑ ፈሳሽ የማይደርስበት ስንጥቅ ሁሉ ይገባል። በመሆኑም የፓሪሊን ክለላ ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው፤ ለሚረጭ አክሪሊክ በቂ የሆነ መከለያ ለፓሪሊን ክፍት በር ነው።

የመከለያ ዓይነቶች

ፕላስተር። ለጠፍጣፋ ቦታዎች፣ ለቦርድ ጠርዞችና ለመፈተሻ ነጥቦች ያገለግላል። ከሦስት ነገሮች ይሠራል። የወረቀት ፕላስተር ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ፈሳሽ ልባስ ሊመጥ ይችላል፤ ሲነሳም የወረቀት ጭረት ሊተው ይችላል። የፖሊስተር ፕላስተር ጠርዙ ንጹሕ መስመር ይሰጣል። ካፕቶን በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው ቢጫማ የፖሊኢሚድ ፕላስተር ደግሞ ከፍተኛ ሙቀትን ስለሚችል በምድጃ ለሚደርቁ ልባሶች ይመረጣል። ለክብ ቀዳዳዎች አስቀድመው የተቆረጡ ክብ ፕላስተሮች አሉ።

የጎማ ቆብና ሶኬት። ለኮኔክተሮች በልካቸው የተሠራ የሲሊኮን ጎማ ወይም የፕላስቲክ ቆብ ይደረግላቸዋል። ቆቡ ታጥቦ ብዙ ጊዜ ያገለግላል። አንዳንድ አምራቾች የኮኔክተሩን ተጓዳኝ፣ ማለትም በተለመደው ሥራ የሚሰካበትን ሌላውን ግማሽ፣ እንደ መከለያ ይጠቀሙበታል። ቆብ መጀመሪያ ሲሠራ ወጪ ቢኖረውም በብዛት ለሚመረት ቦርድ ከፕላስተር ይልቅ ርካሽ ሆኖ ይገኛል፤ ምክንያቱም ለመሰካትም ለመንቀልም የሚወስደው ጊዜ ሰከንዶች ብቻ ነው።

የሚላጥ ፈሳሽ። ወፍራም ሆኖ በመርፌ ወይም በጠርሙስ አፍ የሚጨመቅ፣ ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚሆንና ተላጦ የሚነሳ ነው። ቅርጻቸው ያልተስተካከለ ክፍሎችን ለመሸፈንና በቆብ ሥር የሚቀረውን ክፍተት ለመድፈን ይጠቅማል። ብዙዎቹ ከተፈጥሮ ጎማ ወተት ወይም ላቴክስ የሚሠሩ ሲሆኑ እንዳይረጉ አሞኒያ ይጨመርባቸዋል። አሞኒያ መዳብን ሊያጠቃ ስለሚችል በተራቆተ መዳብ ላይ ለረጅም ጊዜ መቆየት የለባቸውም። በተጨማሪም በፕላቲነም ካታሊስት የሚደርቁ የሲሊኮን ልባሶች በድኝና በአሚን ውህዶች ምክንያት ሳይደርቁ ሊቀሩ ይችላሉ። ስለዚህ መከለያውና ልባሱ መስማማታቸው አስቀድሞ በማይፈለግ ቦርድ ላይ መሞከር አለበት። በአልትራቫዮሌት ብርሃን በሰከንዶች ውስጥ የሚደርቁ የሚላጡ መከለያዎችም አሉ።

የሥራው ቅደም ተከተል

ሥራው በጽዳት ይጀምራል። የፍለክስ ቅሪት፣ የጣት ቅባትና አቧራ በአይሶፕሮፒል አልኮል ወይም በተመሳሳይ ማጽጃ ይታጠባል። ከታጠበ በኋላ በባዶ እጅ መንካት አይገባም፤ የጣት ላብ ጨው አለበትና። ቀጥሎ ቦርዱ በመጠነኛ ሙቀት ይደርቃል፤ የቦርዱ አካል የሰወረው እርጥበት እስኪወጣ ድረስም ይቆያል። እርጥበት ባለው ቦርድ ላይ የተቀባ ልባስ ውኃው ሲተን ይቋጥራል ወይም ይላቀቃል።

ከዚያ ክለላው ይከናወናል። ፕላስተሩ ከተለጠፈ በኋላ ጠርዙ ለስላሳ በሆነ የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ማሻሺያ ይታሻል። ትልቁ ምሥጢር ያለው እዚህ ነው፤ ፈሳሽ ልባስ በጠባብ ክፍተት ውስጥ፣ የኩራዝ ክር ላምባን እንደሚስብ፣ በራሱ እየተሳበ ይገባል። የማይታይ ክፍተት ያለው የፕላስተር ጠርዝ ልባሱን አይከለክለውም፤ እንዲያውም ይጋብዘዋል። ፕላስተሩ ሲለጠፍ አንደኛው ጫፍ ወደ ራሱ ታጥፎ ትንሽ መያዣ ቢተውለት ሲነሳ በወረንጦ መቧጨር አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ ልባሱ በብሩሽ፣ በመርጨት፣ በመንከር ወይም በማሽን ይቀባል። የአቀባቡ ዘዴ የክለላውን ጥብቀት ይወስናል። በመርጨት ጊዜ የሚመጣው ከአንድ አቅጣጫ ስለሆነ ቀላል መከለያ ሊበቃ ይችላል። በመንከር ጊዜ ግን ፈሳሹ ከየአቅጣጫው ስለሚጫን ኮኔክተሮች ከሥርም ከጎንም መታሸግ አለባቸው።

መከለያው የሚነሳበት ሰዓት ልምድ ይጠይቃል። ልባሱ ገና እርጥብ ሳለ ቢነሳ ጠርዙ ይፈስሳል፤ ሙሉ በሙሉ ጠንክሮ ሳለ ቢነሳ ደግሞ ልባሱ ከፕላስተሩ ጋር ተያይዞ ይቀደዳል ወይም ከቦርዱ ይላቀቃል። ስለዚህ ለብዙዎቹ ልባሶች የሚመረጠው ሲነኩት እጅ ላይ የማይጣበቅበት፣ ግን ገና ያልጠነከረበት ጊዜ ነው። ልባሱ ጠንክሮ ከሆነ፣ እንዲሁም በፓሪሊን ጊዜ ሁልጊዜ፣ የመከለያው ጠርዝ አስቀድሞ በስለት በቀስታ ይሰነጠቃል። ፕላስተሩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሳይሆን ዝቅ ባለ ማዕዘን ወደ ኋላ እየታጠፈ ይላጣል።

በመጨረሻ ቦርዱ ሙሉ በሙሉ እንዲደርቅ ይደረግና ይመረመራል። መከለያ በመኖሩ ምክንያት ያልተለበሱ፣ ግን መለበስ የነበረባቸው ትንንሽ ቦታዎች በብሩሽ ይሞላሉ።

ስታቲክ ኤሌክትሪክ

ፕላስተር ከጥቅሉ ሲላቀቅም ሆነ ከቦርዱ ሲነሳ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። መጠኑ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ሊደርስ ይችላል። ሰው ብልጭታውን በእጁ የሚሰማው ከ3,000 ቮልት አካባቢ ጀምሮ ሲሆን፣ አንዳንድ አይሲዎች ግን ከ100 ቮልት ባነሰ ይጎዳሉ። ስለዚህ ሠራተኛው ምንም ሳይሰማው ሊጠብቀው የተነሳውን ክፍል ሊገድል ይችላል። ጉዳቱም ሁልጊዜ ወዲያው አይታይም፤ የቆሰለው አይሲ ፈተናውን አልፎ ከወራት በኋላ ሊሞት ይችላል።

መከላከያው የታወቀ ነው። ስታቲክ የማይፈጥር ፕላስተር መጠቀም፣ በመሬት መስመር የተያያዘ የእጅ አምባር ማሰር፣ የሥራ ጠረጴዛውን ስታቲክ በሚያፈስ ምንጣፍ መሸፈን፣ በአዮን ማራገቢያ መጠቀምና ፕላስተሩን በቀስታ ማንሳት ናቸው። ስታቲክ በደረቅ አየር ይባባሳል፤ በአዲስ አበባ ከኅዳር ጀምሮ ባሉት የበጋ ወራት የዝናቡ ማቆም ለሥራው ምቹ መስሎ ቢታይም በዚህ ረገድ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

የተለመዱ ጉድለቶች

ከክለላ ጋር የተያያዙ ዋና ዋና ጉድለቶች የሚከተሉት ናቸው።

ሰርጎ መግባት፦ ልባሱ በመከለያው ጠርዝ ሥር አልፎ መገናኛ ብረት ላይ መድረሱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚከሰተው ጠርዙ በደንብ ባለመታሸቱ ወይም ልባሱ ከሚገባው በላይ በመቅጠኑ ነው።

ወደ ላይ መሳብ፦ ልባሱ ከኮኔክተሩ ሥር፣ በቦርዱና በፕላስቲኩ መካከል ባለው ክፍተት ገብቶ በእግሮቹ በኩል ወደ ውስጥ መውጣቱ ነው። ኮኔክተሩ ከላይ በደንብ ቢከለልም እንኳ ይህ ሊከሰት ይችላል። መፍትሔው የሥሩን ዙሪያ በወፍራም የሚላጥ ፈሳሽ መድፈን ነው።

የተቀደደ ጠርዝ፦ መከለያው ዘግይቶ ሲነሳ ልባሱ ይነሳል፤ የተነሳው ጠርዝ እርጥበት የሚገባበት ቦታ ይሆናል።

የማጣበቂያ ቅሪት፦ ፕላስተሩ የተወው ሙጫ በመገናኛው ላይ ይቀራል፤ ከጊዜ በኋላም አቧራ ይሰበስባል። የሲሊኮን ሙጫ ቅሪት ደግሞ ሌላ ልባስ እንዳይጣበቅ ያደርጋል።

የተረሳ መከለያ፦ ቦርዱ ከነፕላስተሩ ወይም ከነቆቡ መገጠሙ ነው። ይህን ለመከላከል የመከለያዎቹ ቀለም ከቦርዱ ቀለም እንዲለይ ይደረጋል፤ የተደረጉትና የተነሱት መከለያዎችም በቁጥር ይመሳከራሉ።

ምርመራና ደረጃዎች

አብዛኞቹ ፈሳሽ ልባሶች በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚያበራ ቅመም ይጨመርባቸዋል። ቦርዱ በጨለማ ሳጥን ውስጥ 365 ናኖሜትር አካባቢ በሆነ አልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ የተለበሰው ቦታ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ ያልተለበሰው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። በዚህ መንገድ መርማሪው ሁለቱንም ስሕተት በአንድ ጊዜ ያያል፦ መብራት ሲገባው የጨለመውንና መጨለም ሲገባው የበራውን።

የልባስ ቁሳቁሶች የሚፈተኑበት የአይፒሲ ሲሲ 830 ደረጃ መነሻው የአሜሪካ የጦር ኃይል ሚል አይ 46058 የተባለ መግለጫ ነው። የተጠናቀቀ ቦርድ የሚመዘንበት ደግሞ አይፒሲ ኤ 610 ሲሆን መለበስ በማይገባቸው ቦታዎች ላይ ልባስ መኖሩን እንደ ጉድለት ይቆጥራል። በባቡር ላይ ለሚገጠሙ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የወጣው ኢኤን 50155 የተባለው የአውሮፓ ደረጃም የቦርድ መከላከያ ልባስን ከሚመለከታቸው ጉዳዮች መካከል ያስገባል።

ክለላን የመቀነስ ዘዴዎች

ክለላ በአብዛኛው በእጅ የሚሠራ በመሆኑ ከማልበሱ ራሱ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ለምሳሌ አንድ ቦርድ የሚከለሉ 14 ቦታዎች ቢኖሩትና እያንዳንዱን ለመለጠፍ 1 ደቂቃ፣ ለማንሳት ግማሽ ደቂቃ ቢያስፈልግ፣ ለአንዱ ቦርድ 21 ደቂቃ ይሆናል። ለ200 ቦርዶች 4,200 ደቂቃ ወይም 70 የሥራ ሰዓት ማለት ነው።

ይህን ለመቀነስ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ልባሱን በሚፈለግበት ቦታ ብቻ የሚያፈስ በኮምፒዩተር የሚመራ ማሽን መጠቀም ነው። ሁለተኛው፣ ያለ ማሽንም የሚቻለው፣ በንድፍ ጊዜ ማሰብ ነው። ኮኔክተሮች ሁሉ በቦርዱ አንድ ጠርዝ ላይ ከተደረደሩ አንድ ረጅም ፕላስተር ሁሉንም ይከልላቸዋል። ኮኔክተሮቹ ተበታትነው ከተቀመጡ ግን እያንዳንዱ የራሱን መከለያ ይፈልጋል። ያልታሸገ ሪሌይን በታሸገ መተካት፣ ውኃ የማያስገባ ኮኔክተር መምረጥና የመፈተሻ ነጥቦችን በአንድ አካባቢ መሰብሰብም ሥራውን ያቀልላሉ።

በላፍቶና በአዲስ አበባ ሁኔታ

ላፍቶ የሚገኝበት የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል ይገኛል። የክፍለ ከተማው ስም ግማሽ ከኤሌክትሮኒክስ ጋር የተያያዘ ነው፤ ንፋስ ስልክ በቀድሞ አጠራር ያለ ሽቦ በአየር የሚተላለፍ መልእክት፣ ማለትም ሬዲዮ ማለት ነበር።

የአካባቢው አየር ጠባይ ለቦርድ ሁለት ተቃራኒ ፈተናዎች ያቀርባል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት እርጥበት ይበዛል፤ ከቤት ውጭ የተገጠሙ የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያዎች፣ የጄኔሬተር ቦርዶችና የሶላር መሣሪያዎች ሲበርዳቸው ጤዛ ይቋጥራሉ። በበጋ ደግሞ አቧራ ይነሳል፤ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። የበጋው አቧራ በቦርዱ ላይ አርፎ ይቆይና የክረምቱን እርጥበት ይይዛል። ለዚህ ነው ሁለቱ ወቅቶች ተደጋግፈው ጉዳት የሚያደርሱት።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ የምትገኝ ሲሆን የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስስ አየር ኤሌክትሪክን የመከላከል ኃይሉ አነስተኛ ነው። በአይኢሲ 60664 ደረጃ መሠረት በሁለት ሽቦዎች መካከል የሚተወው የአየር ክፍተት እስከ 2,000 ሜትር ድረስ ማስተካከያ አያስፈልገውም፤ ለ3,000 ሜትር ግን በ1.14፣ ለ4,000 ሜትር በ1.29 ይባዛል። አንዳንድ መሣሪያዎች መለያቸው ላይ የ2,000 ሜትር ገደብ የሚጻፍባቸው ከዚህ የተነሳ ነው። በ5 ወይም በ12 ቮልት የሚሠራ ቦርድ ይህ ብዙም አያሳስበውም፤ የቤት መብራት ኃይልና ከዚያ በላይ በሚገባባቸው ቦርዶች ላይ ግን ልዩነት ያመጣል። ልባስ በዚህ ረገድ ሊረዳ ይችላል፤ ሆኖም የተለካውን የአየር ክፍተት ሊተካ የሚችለው በዚሁ ደረጃ ሦስተኛ ክፍል መሠረት ተፈትኖ ሲያልፍ ብቻ ነው። በክለላ ምክንያት ሳይለበስ የቀረ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለበት ነጥብም ያለ ልባስ እንዳለ ተቆጥሮ መሰላት አለበት።

በዚሁ አቅጣጫ የሚገኘው የለቡ የባቡር ጣቢያ በአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር ላይ ያለ የመንገደኞች ጣቢያ ነው። መስመሩ በመስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ሲኖረው በ25,000 ቮልት ተለዋጭ ኤሌክትሪክ ይሠራል። ለቦርድ ልባስ ተማሪዎች ይህ መስመር ጥሩ ማሳያ ነው። ከለቡ የተነሳ ባቡር በአንድ ጉዞ ቀዝቃዛና ስስ አየር ካለው ደጋ ተነስቶ በአዋሽ ሸለቆ አቧራና ሙቀት አልፎ ጨዋማ አየር ካለው የባሕር ዳርቻ ይደርሳል። እንዲህ ባለ መንገድ የሚመላለስ መሣሪያ ያልተለበሰ ቦርድ ቢኖረው ጨውና እርጥበት ያጠቁታል፤ የተለበሰ ሆኖ ኮኔክተሩ ውስጥ ልባስ የገባ ቢሆን ደግሞ በንዝረቱ ምክንያት መገናኛው ይቆራረጣል። ሁለቱም ጉድለቶች ውጤታቸው አንድ ነው፤ መሣሪያው ከጥገና ቦታ ርቆ ይቆማል።

በጥገና ጊዜ

የተለበሰ ቦርድ ሲበላሽ ጠጋኙ አስቀድሞ የልባሱን ዓይነት መለየት አለበት። አክሪሊክ በማሟሚያ በተነከረ ጥጥ ይለቃል። ሲሊኮን ለስላሳ ስለሆነ በፕላስቲክ ስለት ይቆረጣል። ዩሬቴንና ኢፖክሲ ልዩ ማሟሚያ ወይም ቀስ ያለ ፍቀት ይፈልጋሉ። ፓሪሊን በማሟሚያ ስለማይለቅ በደቃቅ ዱቄት ርጭት ይፋቃል። ልባሱን ሳያነሱ በሶልደር ብረት ማቃጠል የተለመደ ቢሆንም ለሳንባ ጎጂ ጭስ ያወጣል፤ በተለይ ዩሬቴን ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ አደገኛ ነው።

በጥገና ጊዜም ክለላ ይቀራል ማለት አይደለም። አንድ ካፓሲተር ለመቀየር ማሟሚያ ሲደረግ በዙሪያው ያሉት ክፍሎችና ልባሳቸው በፖሊኢሚድ ፕላስተር ይከለላሉ። ከጥገናው በኋላ የተራቆተው ቦታ ታጥቦ፣ ደርቆና እንደገና ተለብሶ ካልተመለሰ ቦርዱ በሚቀጥለው ክረምት እዚያው ቦታ ላይ ይበላሻል።

የሠራተኛ ደኅንነት

ብዙዎቹ ልባሶችና ማሟሚያዎች ተቀጣጣይ ናቸው፤ ትነታቸውም ራስ ያዞራል። ሥራው አየር በሚገባበትና እሳት በሌለበት ክፍል መሠራት አለበት። በአንዳንድ የዩሬቴን ልባሶች ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የመተንፈሻ አካልን ሊያስቆጣና አስም ሊያስከትል ይችላል። ላቴክስ የሚላጥ መከለያ ደግሞ የላቴክስ አለርጂ ላለባቸው ሠራተኞች አይስማማም፤ ለእነርሱ ከሰው ሠራሽ ነገር የተሠራ መከለያ ይመረጣል። መከለያ ለማንሳት የሚያገለግለው ስለት ሁልጊዜ ከሠራተኛው አካልና ከቦርዱ መስመሮች ርቆ መንቀሳቀስ አለበት፤ የተቆረጠ የመዳብ መስመር በልባስ አይጠገንም።